በጨዋው የታጠበው ፊልም

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በአምስተኛው ዓመት፣ ነፋሱ ከባሕር ወደ ከተማው በሚዞርበት ወር፣ በዕለተ ሐሙስ ከረፋዱ በአራት ሰዓት፣ አገረ ገዥው ነጭ የክብር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ጓንታቸውን አጥልቀው ወደ ወደቡ ወረዱ፤ የወደብ ጫኞች ሥራ ካቆሙ አሥራ አንደኛ ቀናቸው ነበረና። ከቁጥር ሦስት መጋዘን ፊት ለፊት የሳንቃ መድረክ ተሠርቶላቸዋል፤ ፀሐይዋ አሸዋውንም፣ መድረኩንም፣ የልብሳቸውንም ንጣት እኩል ታነድዳለች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጫኞች ግን በመጋዘኑ ጣሪያ ጥላ ሥር እጃቸውን በደረታቸው አጣምረው ቆመዋል፤ የፊተኞቹ የጥላውን ድንበር ረግጠው በመቆማቸው የእግራቸውን ጫፍ ብቻ ፀሐይ ነክቶታል።

«ከጥላው ወጥታችሁ ስሙ!» ተብሎ ታዘዘ። ማንም ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛ ታዘዘ፤ ዝም። ሦስተኛ ታዘዘ፤ አንዱ ሳል አለና እሱም አፍሮ ዝም አለ። እንግዲህ አገረ ገዥው ምን ያድርጉ! ወረቀታቸውን ዘርግተው ለጥላው አነበቡለት። ንቀት መልኩ ብዙ ነው፤ ስድብ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ጀርባ ማዞር አለ፤ የዚያን ዕለቱ ግን በፀሐይ የቆመን ሹም በጥላ ሆኖ ዝም ብሎ ማየት ነበር፤ ሰውየውም ከስድብ ይልቅ ይህ እንደ ቆረቆራቸው ከዚያ የነበሩ ሁሉ መስክረዋል።

ከዋዜማው ጀምሮ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ በወደቡ ተሰብስቦ የተገኘ ጫኝ ሁሉ ወደ ጨው ደሴት ተግዞ ሰባት ዓመት ጨው ይቆፍራል። ነገር ግን ዳኛው ፈራጅ እንጂ ጠንቋይ አይደለምና ሰውየው በዚያ ለመኖሩ ምስክር ይሻል። ጫኞቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ አይመሰክርም። ስለዚህ የጸጥታው ሻምበል ተስፋውን ሁሉ የጣለው ከመድረኩ በስተግራ ቆሞ በነበረ በአንድ ካሜራ ላይ ነበር፤ የካሜራውም ባለቤት የማስታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ፎቶ አንሺ፣ ዝምተኛና ሽበታም ሰው፣ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣና ፊልሙን ጠቅልሎ በጥቁር ክር አሰረው።

ያ ፊልም ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ አንባቢ ሊያውቅ ይገባዋል።

በማስታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት፣ በረጅሙ መተላለፊያ መጨረሻ፣ ሁለት በር ያላት አንዲት ጨለማ ክፍል ነበረች፤ አንደኛው በር ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። በውስጧም ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ ሴት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፊልም አጥባለች። ጸሐፊዎቹ ፊት ለፊት «እትዬ» ይሏታል፤ ዞር ስትል «ጨለሜ» ይሏታል፤ እሷም ሁለቱንም ታውቃለች። የከተማውን ሠርግ፣ ቀብር፣ ሰልፍና ሹመት ሁሉ አይታለች፤ ግን በነጋቲቭ፤ ሙሽራዋ ጥቁር ለብሳ፣ ሽማግሌው ጥቁር ጢም አብቅሎ፣ ሰማዩ እንደ ከሰል ጠቁሮ። ከሠርጎቹ በአንዱም አልተጠራችም። የማጠቢያው መድኃኒት ጣቶቿን አጥቁሮ ቆዳዋን ሰነጣጥቆት ነበርና ሰዎች እጇን መጨበጥ ይፈሩ ነበር፤ ሰላምታ ሲሰጧት ከወገባቸው ጎንበስ እያሉ ያልፏታል፤ ትሕትና መስሎ የታየው ሁሉ ትሕትና አይደለም። ምሳዋን ለብቻዋ ትበላለች፤ ብቸኝነቱም ያማት ነበር። ለምዳዋለች ቢሉ ውሸት ነው፤ አልለመደችውም።

ከዘመድ ያላት አንድ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ እናታቸው ስትሞት እሱ የአራት ዓመት ሕፃን፣ እሷ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበረች። አጥባ፣ አብልታ፣ ፊደል አስቆጥራ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ሆኗል፤ ከጫኞቹ መካከል ማንበብና መጻፍ የሚችለው እሱ ስለ ነበረ ጸሐፊያቸው አድርገውታል። ለአገረ ገዥው የተላከችውን የአቤቱታ ደብዳቤም የጻፈ እሱ ነው።

በዚያው ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራዋ ስትወጣ ከበሩ ላይ አገኘችው። የግራ ጫማው ጫፍ ተቀዶ በሳምንቱ መጀመሪያ የሰፋችለት ነበር፤ የሰፋችበትም ክር ፎቶ አንሺው ፊልም የሚያስርበት ያው ጥቁር ክር ነው።

«እታለም፣ ዛሬ ሰውየው ይመጣሉ» አላት።

«ይምጡ። አንተ ከኋላ ቁም።»

«ከፊት ነኝ። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ።»

«ምን ቤት ነህ አንተ ከፊት? ሸክም አትሸከም፤ ጸሐፊ ነህ!»

«ደብዳቤውን ጽፌ ከሰው ጀርባ ልደበቅ? ደግሞ ምን ይሉኛል!»

«ሰባት ዓመት ይሉሃል! ጨው ቁፈር ይሉሃል! ምነው አንተ ልጅ፣ እኔን ለማን ትተኸኝ ነው?»

ሳቀና ግንባሯን ሳማት፤ እጇንም ጨበጠ፤ ከዓለም ሁሉ ያንን የተሰነጠቀ እጅ ሳይሳቀቅ የሚጨብጥ እሱ ብቻ ነበር።

አሁን ስለ ሥራዋ ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟልና አንባቢ ይታገሠኝ። በክፍሏ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት የማጠቢያ ጋኖች ነበሩ፤ እሷና ፎቶ አንሺውም አንዱን «ቁጡው»፣ ሌላውን «ጨዋው» ብለው ስም አውጥተውላቸው ነበር። ቁጡው የየዕለቱ ማጠቢያ ነው፤ ፈጣን ነው፤ ፊልሙ ያየውን ሁሉ፣ ጥግ የተሸጎጠውን ሳይቀር፣ እየጎተተ ያወጣል፤ ምስሉ ግን ሲያሰፉት አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ጨዋው ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ ውድ መድኃኒት ነው፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጣቶቿን የፈጃትም እሱው ነው፤ ምስሉን ግን እንደ እርጎ ያለሰልሰዋል፤ ግድግዳ አሳክለው ቢያሰፉት አይሻክርም። ሆኖም ጨዋነቱ ከልኩ ያለፈ ነው፤ በደካማ ብርሃን የተነካውን የፊልሙን ክፍል አይቀሰቅስም፤ «ይተኛ፣ ምን አገባኝ» ብሎ ያልፈዋል።

ፊልሙ ምን ያህል ብርሃን እንደሚበቃው የሚናገር ቁጥር በሳጥኑ ላይ ይጻፋል፤ የፊልም ፍጥነት ይሉታል። ሳጥኑ መቶ ካለ ሰው ሁሉ መቶ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን መቶው መቶ የሚሆነው በቁጡው ሲታጠብ ነው፤ ያው ፊልም በጨዋው ቢታጠብ ጉልበቱ ወደ ሠላሳ ይወርዳል። ስለዚህ በጨዋው ለሚታጠብ ፊልም ፎቶ አንሺው ሲያነሣ ሦስት እጥፍ ብርሃን ሊሰጠው ይገባል፤ ይህን ካላደረገ በፀሐይ ያለው ሁሉ አምሮ ይወጣል፤ በጥላ ያለው ይጠፋል። በመሥሪያ ቤቱ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሹማምንቱ ጨዋውን በዋጋው ነበር የሚያውቁት፤ ውድ ከሆነ ደግሞ ለሁሉ ነገር ይሻላል ማለት ነው፤ አይደለም?

ፎቶ አንሺውና እሷ ለዚህ ሲሉ አንድ ሥርዓት አበጁ። ብርሃኑን ለቁጡው ለክቶ ካነሣ ክሩን አንድ ጊዜ ይቋጥረዋል፤ ለጨዋው ለክቶ እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ። እሷም በጨለማ ቋጠሮውን በጣቷ ዳብሳ ወደሚገባው ጋን ታገባዋለች። አሥራ አራት ዓመት አንዴም ተሳስተው አያውቁም፤ አንዴም «በየትኛው ልጠበው?» ብላ ጠይቃ አታውቅም። ከሰው ጋር የነበራት ወግ አብዛኛው በዚያ ቋጠሮ ያለቀ ነበር።

በዕለቱ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ሦስት ሰዎች ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ፤ የማስታወቂያው ሹም ሽቶ የነካ መሐረቡን በአፍንጫው ይዞ፣ የጸጥታው ሻምበል ቆቡን በብብቱ አድርጎ፣ ፎቶ አንሺውም ከኋላ ፊልሙን በመዳፉ ጨብጦ።

«ሴትዮ» አለ ሻምበሉ፣ «እዚህ ፊልም ውስጥ ሦስት መቶ ወንጀለኛ አለ። የእያንዳንዱን ፊት እፈልጋለሁ። በተለይ ከፊት የቆሙትን፤ ደብዳቤ ጸሐፊውን ደግሞ ከሁሉ በላይ። ነገ ጠዋት ከየቤታቸው ነው የምለቅማቸው።»

ሰማይ ተደፋባት። ፊልሙን ተቀበለችና ቋጠሮውን ዳበሰችው፤ አንድ ነው። እንግዲህ ለቁጡው ነው የተነሣው፤ ቁጡው ደግሞ ያወጣቸዋል፤ የሦስተኛውን ምሰሶ፣ ከምሰሶውም አጠገብ የቆመውን፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ በልጅነቱ ከደረጃ ወድቆ አገጩ ላይ የቀረችውን ጠባሳ ጭምር። ፊልሙን ብታበላሽ፣ ብርሃን ብታስገባበት፣ በዚያው ቀን እሷም ትታሰራለች፤ እሱም ይጠረጠራል። ከዚያም፣ አሥራ አራት ዓመት ጠይቃ የማታውቀውን ጥያቄ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ጠየቀች።

«ጌታዬ፣ በየትኛው ልጠበው? በየዕለቱ ነው ወይስ በጥሩው?»

የማስታወቂያው ሹም መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደ።

«ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የክቡርነታቸውን ምስል በየዕለቱ? ለአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ የሚሰቀል እኮ ነው! በጥሩው እንጂ!»

«ጥሩው ፊት ያወጣል?» አለ ሻምበሉ።

«ምን ነካህ ሻምበል፣ ቅንድብ ይቆጠርበታል! በዋጋው አንድ ፈረስ ይገዛል፤ እንዴት አያወጣ!»

ፎቶ አንሺው አፉን ከፈተ። ሴትየዋን አያት፤ እሷም ቀና ብላ አየችው። የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋው፤ ጫማውንም ያይ ጀመር። ሆድ ይፍጀው ማለት ይህ ነው።

ሻምበሉ ግን ተጠራጣሪ ሰው ነበረ። «እኔም እገባለሁ» አለ፤ የሚጮኽ ሰዓት አስመጣ፤ የመድኃኒቱንም ሙቀት ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየ። ሁለቱ በሮች ተዘጉ።

«መብራት አብሪ እንጂ!»

«አይቻልም ጌታዬ። ይሄ ፊልም ቀይ መብራትም ያያል።»

«ታዲያ እዚህ ውስጥ አንቺን ማን ያይሻል?»

«ማንም» አለች።

እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ፤ እንዳትሸሽ ይሁን ወይም እሱ ራሱ ጨለማውን ፈርቶ እንደ ሆነ አልታወቀም። እሷም ክሩን ፈታች፤ ፊልሙን ከወረቀቱ ለየች፤ ወደ ጋኑ ከሚያወርደው ሽቦ ጋር አያያዘች። ሁለቱ ጋኖች ከፊቷ ናቸው፤ በግራዋ ቁጡው፣ በቀኟ ጨዋው። ከዚህች ደቂቃ ወዲህ የሚያዛት የለም፤ ሻምበሉ ዓይን እንጂ በጨለማ የሚያይ ጣት የለውም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ለመታየት ብሎ የቆመው መቆም በእጇ ላይ እንዳለ አውቃዋለች፤ አላወቀችም ብዬ ላድናት አልሻም። ነገር ግን ጨው ደሴት ሄደው የተመለሱ ሰዎችን አይታ ነበር፤ ፎቷቸውን ያጠበችው እሷ ናትና። የወንድሟን ፊት እንደዚያ ሆኖ ማየት አልቻለችም። ወደ ቀኝ ዞረች፤ የታዘዘችውንም አደረገች። አመፅ ሁሉ ትእዛዝ በመጣስ አይመጣም፤ የእሷ ትእዛዝ በማክበር መጣ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ። በየደቂቃው ሽቦውን ታነሣና ታወርዳለች፤ ሻምበሉ አጠገቧ ይተነፍሳል።

«ልጅ አለሽ?» አላት ድንገት።

«የለኝም።»

«ባል?»

«የለኝም።»

«ማን አለሽ ታዲያ?»

ሽቦውን አነሣች፣ አወረደች።

ሰዓቱ ሲጮኽ ሻምበሉ «አምስት ደቂቃ ጨምሪ፤ ይሻላል» አለ። ጨመረች። ምስኪን ሰው! ደቂቃ ቢጨምሩ በፀሐይ ያለው ይበልጥ ይነዳል እንጂ ብርሃን ያልደረሰው ጥላ አይበራም፤ ከሌለው ላይ ምን ይጎተታል?

ፊልሙ በማጽኛ መድኃኒት ጸንቶ፣ በውኃ ታጥቦ፣ ከሥሩ መብራት ባለበት መስታወት ላይ ሲዘረጋ አገረ ገዥው ግሩም ሆነው ወጡ። የጓንታቸው ስፌት ሳይቀር ይታያል። ከበስተኋላቸው ያለው መጋዘን ግን በነጋቲቩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ጥርት ያለ ባዶ ነበር። ከታች፣ የጥላው ድንበር ላይ፣ ፀሐይ የነካቸው የእግር ጫፎች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፤ ሃያ ሦስት እግር።

«ሰዎቹ የታሉ?» አለ ሻምበሉ።

«ብርሃን አልደረሳቸውም ጌታዬ።»

«እግር! እግር ብቻ! በእግር ጣት ሰው ልከስስ?» ብሎ ጮኸ፤ ወደ ማስታወቂያው ሹም ዞረ፤ ሹሙ ወደ ሴትየዋ ዞረ። በዚህ ጊዜ ፎቶ አንሺው ከበሩ አጠገብ ተናገረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የክቡርነታቸው ነጭ ልብስ እንዳይቃጠል ብዬ ብርሃን ቀነስኩ። እሷ እንደ ታዘዘችው ነው ያጠበችው።»

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረረ። ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ በምድር ቤቱ በኩል አለፈና ጥቁር የክር ጥቅሉን እጇ ላይ አኖረላት።

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጠይቀሽ አታውቂም፤ ዛሬ ጠየቅሽ» አላት።

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ተይው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለእኔም አትንገሪኝ።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ፎቶ አንሺ ፊልሙን በላስቲክ ነበር የሚያስረው፤ በየትኛው ይታጠብ እንደ ሆነም በወረቀት ጽፎ በበሩ ሥር ይሰድ ነበር።

ሻምበሉ ያለ ማስረጃ አርባ ሰዎች አሰረ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም መስካሪ አጥቶ ፈታቸው። ወደ ጨው ደሴት የሄደ አንድም ጫኝ የለም። ሴትየዋ ይህን በሰማች ቀን ምሳዋን ሳትበላ አለቀሰች፤ ደስታ ነበር። ደስታዋ ግን ዘጠኝ ቀን ብቻ ቆየ። በዐሥረኛው ቀን ምስሉ በጋዜጣው ፊት ገጽ ላይ ወጣ፤ የማስታወቂያው ሹም የእግሮቹን መስመር «ቆሻሻ እግር ከክቡርነታቸው ሥር!» ብሎ ከታች አስቆርጦት ነበር። ከምስሉ በታች የተጻፈውም ይህ ነበር፤ «ጫኞቹ በአድራጎታቸው አፍረው ሳይቀርቡ ስለ ቀሩ ክቡርነታቸው ባዶውን መጋዘን ጎበኙ።» ጫኞቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነን ቆመን ነበር ቢሉ «የታላችሁ?» ተባሉ። የአቤቱታው ደብዳቤም «የጥቂት ሥራ ፈቶች ወሬ» ተብሎ ተመለሰ። በሳምንቱ አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ሥራ ገቡ።

ወንድሟ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ይዞ መጣ። አልተቀመጠም።

«እታለም፣ አንቺ ነሽ ያጠብሽው አይደል? ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ቆሜ ነበር፤ እዚህ ግን የለሁም። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ለዓለም ሁሉ የዘጋችውን አፍ ለእሱ መዝጋት አልሆነላትም። ስለ ሁለቱ ጋኖች፣ ስለ አንዱ ቋጠሮ፣ ስለ ጥያቄዋ ሁሉንም ነገረችው። እሱም እስኪያልቅ ሰማ።

«እና አጠፋሽን» አለ።

«አዳንኩህ!»

«ማን አድኚኝ አለሽ? እኛ እኮ የቆምነው እንድንታይ ነው። እንደሚያነሡን እናውቅ ነበር፤ ከነፊታችን ነው የቆምነው። ሦስት መቶ ሰው ተማክሮ፣ ሚስቱን ተሰናብቶ ነው የቆመው!»

«ሰባት ዓመት ጨው ስትቆፍር፣ ዓይንህ ጠፍቶ፣ እጅህ ተበልቶ… እኔ ይሄን እንዴት ልይ?»

«ሰባት ዓመት ያልቃል እኮ እታለም። ይሄስ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብሎ ጋዜጣውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። «እጅሽን አይቼ የምጨክን ሰው አልነበርኩም።»

እንደ ወጣ ቀረ። በወሩ በአንዲት የጭነት መርከብ ላይ ከሰል አቀባይ ሆኖ ተቀጠረና ከአገር ወጣ፤ ይህን ለእሷ የነገራት ሌላ ጫኝ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ እጅ እያለው አንድም ደብዳቤ አልጻፈላትም። እሷ ግን መርከብ በገባ ቁጥር ወደብ እየወረደች በሦስተኛው ምሰሶ አጠገብ ትቆም ነበር፤ ስንት ዓመት ቢሉ ጉልበቷ እስኪከዳት። ነጋቲቩ ራሱ አገረ ገዥው ተሽረው ሲሄዱ ከዕቃቸው ጋር ተጭኖ ሄዷል። ያ ከመሆኑ በፊት ግን ከታች ያለውን የእግሮቹን መስመር ብቻ፣ ከጣት የማይሰፋ ወረቀት ላይ፣ ለራሷ አንድ ቅጂ አትማ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ለሌላው ስታትም የወንድሟ አንድ ፎቶ በቤቷ አልነበረም፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። ያላት ይህ ብቻ ሆነ፤ ከግራ ዘጠነኛው፣ ጫፉ በጥቁር ክር የተሰፋ ጫማ።

ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። አገዛዙ ተለወጠ፤ አዳራሹ ቤተ መዘክር ሆነ፤ ስለ ዘመኑም ታሪክ የሚጽፍ አንድ መምህር ተነሣ። ጨዋና ታታሪ ሰው ነበረ፤ አሮጊቷን ፈልጎ እስከ ቤቷ መጣ፤ እጇንም ሳይፈራ ጨበጣት፤ እሷም በዚህ ብቻ ልቧ ተነካ።

«እማማ፣ ሽማግሎቹ ቆመን ነበር ይላሉ። ምስሉ ግን ባዶ ነው። እርስዎ ምን ያስታውሳሉ?»

«ነበሩ ልጄ። በጨዋው ስለ ታጠበ ነው።» እንደገና፣ ለሁለተኛ ጊዜ በሕይወቷ፣ ሁሉንም ተናገረች፤ ቋጠሮውን፣ ጥያቄውን፣ ወንድሟን።

መምህሩ ሁሉንም ጻፈ። ከዚያም እየተሳቀቀ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ።

«እኔ ግን አስልቻለሁ እማማ። ፎቶው በምን ያህል ብርሃን እንደ ተነሣ በመዝገብ አለ፤ የፊልሙም ሳጥን ተገኝቷል፤ ቁጥሩ መቶ ነው። በዚያ ፀሐይ፣ በመቶ፣ ጥላው ውስጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ደብዘዝ ብሎም ቢሆን መታየት ነበረበት።»

«ሳጥኑ ምን ያውቃል ልጄ? ማጠቢያውን ንገረኝ እስቲ።»

«ማጠቢያው በመዝገብ የለም።»

«እኔ አለሁ አይደል!»

«አሉ እማማ፤ አሉ። ግን እርስዎ የአንዱ እህት ነዎት። ታሪክ ማስረጃ ይጠይቃል።»

ተነሥታ ከሣጥኗ ያቺን ቀጭን ወረቀት አመጣችለት። ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ለረጅም ጊዜ አያት፤ እውነቱን ለመናገር ሊያምናት ይፈልግ ነበር። በመጨረሻም መልሶ በክብር አቀበላት።

«እማማ፣ እግር የሌለበት አገር የለም» አላት።

መጽሐፉም ታተመ። በሁለት መቶ ሦስተኛው ገጽ ላይ ምስሉ አለ፤ ከሥሩም ተሰበሰቡ የተባሉት ሦስት መቶ ሰዎች «በኋለኛው ዘመን ትዝታ የተፈጠሩ ይመስላል» ተብሎ ተጽፏል። መምህሩን አልወቅሰውም፤ ቁጥሩን ቆጥሮ፣ መዝገቡን አገላብጦ የደረሰበት ነው፤ የሳጥኑ ቁጥር ማጠቢያ ሲለወጥ አብሮ እንደሚለወጥ ከመዝገብ ሊያገኘው አይችልም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይሁን፤ ብዙ ጊዜ ይጠራል። ያቺ ሴት ግን አንድን እውነት ለማዳፈን ሰባት ቃል በቅቷት፣ ለማውጣት ቀሪ ዕድሜዋ አልበቃትም።

እሷ በሞተች በሦስተኛው ወር ጎረቤቶቿ ሣጥኗን ለቤተ መዘክሩ ሰጡ። ዛሬ በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አንድ የጥቁር ክር ጥቅልና አንዲት ቀጭን ፎቶ አሉ፤ ካርዱም «የእግሮች ምስል፤ ሃያ ሦስት፤ ቦታውና ዘመኑ ያልታወቀ» ይላል። ከግራ ዘጠነኛው ጫማ በዚያው ክር የተሰፋ መሆኑን የጻፈ የለም።